የሰንጠረዥ አዋቂዎችና መታሰቢያቸው

ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስ በኩል ዓረቦች ዘንድ ደርሶ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀ የቼዝ ዓይነት ጨዋታ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር እንግዲህ ጨዋታው በቤተ መንግሥት ካደረ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ሰንጠረዥም መሳፍንቱን ተከትሎ በየአዳራሻቸው ገባ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግሬው ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አጥብቀው እንደሚወዱ ጽፏል። ሥርዐቱን በዝርዝር ያቆየልን ግን ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ወረራ በሚባለው መክፈቻ ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ዙሪያውን የከበበው ተመልካች ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፣ ይከራከራል። በኃይለኛ ጠጠር ማሸነፍ ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካማ ጠጠር ንጉሥን መያዝ ግን ያስከብራል። ፕላውደን በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ ቆስሎ እዚያው ከተማ አረፈ፤ ይህን የጻፈበት መጽሐፉም በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር ስሙ የሚነሣው ይህ ጨዋታ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም አቀፉ ቼዝ ቦታውን ሲይዝ ቀስ በቀስ ከየአዳራሹ ጠፋ።

በአጭሩ፣ የእኛ ሰንጠረዥ አዋቂዎች መታሰቢያ ያገኙት በእንግዶች ብዕር ነው። ሌላው ዓለም ግን ለቼዝ አዋቂዎቹ ሐውልትም ውድድርም አቁሟል። የአለክሳንደር አሌክሂን መቃብር በፓሪስ ሞንፓርናስ፣ የሚካኤል ታል ሐውልት በሪጋ መናፈሻ ይገኛሉ። ኩባ ደግሞ በ1942 እ.ኤ.አ. ለሞተው ለካፓብላንካ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ውድድር በስሙ ታካሂዳለች። ሐውልቱ ሰውየውን ያስታውሳል፤ ውድድሩ ግን ጥበቡን ለተተኪው ያስረክባል።

ዛሬ ኢትዮጵያ የቼዝ ፌዴሬሽን አላት፤ ተጫዋቾቿም በቼዝ ኦሊምፒያድ ይሰለፋሉ። የፋሲል ግቢም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎንደር ቤተ መንግሥቶቿን እንደጠበቀች ሁሉ በውስጣቸው ይኖር የነበረውን የአእምሮ ፍልሚያም መጠበቅ ይገባታል። ወጣቶቿ በወረራ የሚጀመረውን ሰንጠረዥ ተምረው በየዓመቱ ቢወዳደሩበት፣ ስማቸው ሳይመዘገብ ያለፉት አዋቂዎች ከድንጋይ የሚበልጥ መታሰቢያ ያገኛሉ፤ ጨዋታቸው ይቀጥላልና።