ከሽቦው ያላለፈ ማስጠንቀቂያ

ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የዳኮታና የነብራስካ ሜዳዎች ጠዋቱ ለብርድ ወራት ከተለመደው ውጭ ሞቃት ነበር። ብዙ ልጆች ያለ ካፖርት ትምህርት ቤት ሄዱ። በዚያው ቀን ድንገት የደረሰው የበረዶ አውሎ ነፋስ 235 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የቀሩ ሕፃናት ብዙ ነበሩ።

ትንበያ ስላልነበረ ነው እንዳትሉ። ከካናዳ የሚነሳው ቀዝቃዛ አየር በምዕራብ በኩል የሮኪ ተራሮች ስለሚገድቡት፣ ሜዳውን ይዞ ወደ ደቡብ ይጋልባል። ያኔ የትንበያው ሥራ የጦር ሠራዊቱ ነበር። ሴንት ፖል የተቀመጠው መኮንን ቶማስ ውድረፍ፣ ከየጣቢያው በቴሌግራም የሚደርሰውን የሙቀትና የአየር ግፊት ልኬት አይቶ ብርዱ እንደሚመጣ አስጠንቅቋል።

ግን ለማን? ቴሌግራሙ የሚሄደው ሽቦው እስካለበት ነው። እዚያም ሲደርስ መሐሉ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ያለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል። ከባቡር ጣቢያው ርቆ የሚኖር ገበሬ ይህን ባንዲራ በየት በኩል ያየዋል? ለእኔ የዚያ ቀን ትልቁ ጉድለት ከስሌቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በ1891 የትንበያው ሥራ ከወታደሩ ወጥቶ ለግብርና መሥሪያ ቤት ተሰጠ።