ዜና ርኆቦት፣ ዘአራሾችና ዘዘማሪዎች

በእስራኤል ስላለችው ስለ ርኆቦት ከተማና ከሞፈርና ቀንበር ጋር ዜማ ስለ ወረሱ አራሾቿ የምንጽፈው ዜና ይህ ነው። ዘመኑንም በሀገራችን አቆጣጠር እንቆጥራለን።

በ1882 ዓ.ም. ቱርክ ፍልስጥኤምን ሲገዛ፣ ኢያሱ ሃንኪን የሚባል ሰው ከያፋ በስተ ደቡብ ዱራን የተባለውን መሬት ገዛ፤ ስፋቱም 25 ጋሻ ያህል ነበረ። የፖላንድ አይሁድ መጥተው ሰፈሩበት። ስሙም ይስሐቅ ካስቆፈራት ጉድጓድ ስም ተወስዶ ርኆቦት ተባለ። ባለጸጋው ባሮን ሮትሺልድ ሌሎች የአይሁድ መንደሮችን በሹማምንቱ እጅ ያስተዳድር ነበር፤ እነዚህ ግን የማንንም ሹም ሳይቀበሉ ወይን ተከሉ። በቦታው ቀድሞ ከብት የሚያሰማሩ ዘላኖች ነበሩና ስለ ግጦሽ ጠብ ሆነ።

አሁንም በጎረቤቷ በሪሾን ሌጽዮን የሆነውን እንናገር። ናፍታሊ ሄርትዝ ኢምበር የሚባል ዘዋሪ ባለቅኔ ስለ ጽዮን ተስፋ ግጥም ጽፎ በየመንደሩ ለገበሬዎች ያነብ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማም ከሞልዳቪያ የመጣ ሳሙኤል ኮሄን የሚባል ጎረምሳ ግጥሙን ባገሩ ዜማ አዜመው። ዜማውም በሬ የተጠመደበትን ጋሪ የሚነዳ ሰው የሚያንጎራጉረው ነበረ። ያም በገበሬዎቹ መንደሮች ሁሉ ተሰማ። ኢምበር ግን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1902 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በድህነት ሞተ።

በጥቅምት 1891 ዓ.ም. የጽዮናውያን መሪ ቴዎዶር ሄርዝል ርኆቦትን ሊጎበኝ መጣ። 20 ያህል ጎረምሶች በፈረስ ወጥተው ተቀበሉት፤ ጉግስ እንደሚጫወት ሰው ሜዳውን እየሰነጠቁ ጋለቡ፣ በዕብራይስጥም ዘፈኑ። ሄርዝል በፓሪስ ያያቸው የአሜሪካ ምዕራብ ካውቦዮች ትዝ አሉት፤ እርሱም ጓደኞቹም እንባ አቀረሩ። የልብስ ነጋዴ ልጆች ፈረሰኛ አራሾች ሆነው አግኝተዋቸዋልና። ከዚህ በኋላ የወይን ገበያ ወደቀ፤ ገበሬዎቹም ለውዝና ብርቱካን ተከሉ። የየመን አይሁድም መጥተው በሻዓራይም ሰፈር ተቀመጡ፣ በሰው እርሻ ላይም ሠሩ።

በዚያው ዘመን በሀገራችን በጎንደር አውራጃ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ያርሱ ነበር። ከዐፄ ይስሐቅ ጀምሮ ርስት ተነፍገው እንደኖሩ ይተረካል፤ ስለዚህ ጭሰኛ ሆነው አረሱ፣ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሸክላ ጠፈጠፉ። ማረሻውን በእሳት የሚያበጀውና በሬ ጠምዶ የሚያርስበት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበረ። ቄሶቻቸውም የግዕዙን ጸሎት ከነዜማው በቃል ይዘው ለልጆቻቸው አስተላለፉ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ቃጭል ይጮኻል። በስግድ በዓል ቀን ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ሕዝቡም ጾሙን ሳይፈታ ድንጋይ ተሸክሞ ይከተል ነበር። ሲወርዱም ይበላ፣ ይጠጣ፣ እስክስታ ይመታ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎች ወደ እስራኤል ወጡ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ተጓዘ። ከእነርሱም ብዙ ቤተሰብ በርኆቦት በቂርያት ሞሼ ሰፈረ። ሞፈርና ቀንበሩ ግን በጎንደር ቀረ። ከተማዋም አስቀድማ ማሳዋን በጎዳናና በፎቅ ለውጣ፣ በቫይዝማን የሳይንስ ተቋምና በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ስሟ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ጤፍና ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ ሽማግሌዎች፣ እርሻ በመጽሐፍ በሚጠናባት ከተማ ያለ እርሻ ተቀመጡ።

ዜማው ግን ከማሳው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ኮሄን ከበሬ ነጂዎች የወሰደው ዜማ በኅዳር 1997 ዓ.ም. በሕግ የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ ስግድም በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ የሀገር በዓል ተባለ። መሬት የገዙት ማሳቸው ከተማ ሆነባቸው፤ ርስት የተነፈጉትም ያረሱትን ትተው ወጡ፤ ለልጅ ልጅ ግን ሁለቱም ዜማ አወረሱ። ስለዚህ የርኆቦትን ዜና የሚጽፍ ሰው የባለ ወይኑን ስም በሚያሰፍርበት መዝገብ የባለ ነጋሪቱንም ያስፍር።