ዝቅ ያለ ድምፅና መቅረጫው

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተልከው ጀርመን አገር የሄዱት የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማሩ ነበር። በዚያው ቆይታቸው በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ያን ጊዜ ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎንና ያለ ማጉያ ነው፤ ዘፋኙ ወደ መለከት መሰል ቀንድ ፊቱን አዙሮ ጮክ ብሎ ያዜማል፣ መርፌዋን በሰሙ ላይ የሚያንቀሳቅሳት የገዛ ትንፋሹ ጉልበት ነው። ሸክላ በኤሌክትሪክ መቀረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለሹክሹክታ ቦታ አልነበረውም።

ቦታ የሰጠው ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። ዝግ ብሎ የሚያነብ ሰው ድምፅ ከማይክሮፎን ሲወጣ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ቢሆን ነው፤ መቅረጫው የሚፈልገው ደግሞ ወደ አንድ ቮልት ይጠጋል። ፕሪአምፕ ይህን ሺህ እጥፍ ያጎላል፤ በባለሙያ ቋንቋ 60 ዴሲቤል። ታዲያ ዕቃው ራሱ የሚያሰማው ሿ የሚል ድምፅ ካለ፣ እሱም ከንባቡ ጋር ተቀርጾ ይቀራል።

እኛ ጎጃሞች የዚህን ዕቃ ውለታ የቀመስነው ስሙን ሳናውቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የማንኩሳው በዛብህና የዲማዋ ሰብለ ወንጌል የሚንሾካሾኩት ጆሯችን ሥር ነበር። በቀንድ ዘመን ቢሆን ወጋየሁ ፍቅራቸውን በጩኸት ሊያወራው ነበር!

ስቱዲዮ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ታስካም «ፖርታስቱዲዮ 144»ን ሲያወጣ ነው ማለት ይቻላል፤ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀርጽ መሣሪያ። የኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግና ዲኤክስ 7 ብቻውን እየደራረበ ያወጣው ካሴት ይህ የብቻ አሠራር የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። ኤሌክትሪኮቹ መሣሪያዎች በሽቦ በቀጥታ ሊገቡ ይችላሉ፤ አኮርዲዮን ግን ያለ ማይክሮፎን አይሆንለትም። የማሲንቆም ዕጣ እንደዚያው ነው።

እኔ ከባንክ ሥራ መልስ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ግጥምና ማሲንቆ እቀርጻለሁ። ለከበሮ የመቅረጫው የራሱ ማጉያ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዚያ ሌላ መግዛት ገንዘብ መጣል ይመስለኛል። ለማሲንቆና ለለሆሳስ ንባብ ግን የውስጡ ማጉያ እስከ ጥጉ ሲከፈት ሿታው ግጥሙን ይሸፍነዋል፤ ለብቻው የቆመ ፕሪአምፕ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሽቦው መግባት ያለበት «ላይን» በሚለው ቀዳዳ ነው። «ማይክ» በሚለው ከገባ ያው የሸሸነው የውስጥ ማጉያ ዳግመኛ ያገኘዋል። በሐምሌ ግን ማንኛውም ፕሪአምፕ አያድንም፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብም እኩል ያጎላዋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚያሳስበኝ ስለ ቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ያፈሯቸው መሪጌቶች ቅኔውን አንዴ ይዘርፉታል፤ የዛሬው ለነገ አይደገምም። ቀራጩም ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ማጉያውን ቀድሜ አስተካክልና ከጣሪያው አሥራ ሁለት ዴሲቤል ያህል ባዶ እተዋለሁ፤ መሪጌታው በለሆሳስ ጀምረው የመጨረሻው ቤት ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉና።