አርታሻስትራና የመንግሥታት ግንኙነት ትምህርት

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ፣ በማይሶር ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ሊቅ ሻማሻስትሪ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ አንድ የሳንስክሪት መጽሐፍ ለዓለም አስታወቁ። ይኸውም ካውቲልያ ደረሰው የሚባለው፣ ብዙ ዘመን በስሙ ብቻ ይታወቅ የነበረው አርታሻስትራ ነው። ጽሑፉ በ1909፣ የእንግሊዝኛው ትርጓሜ በ1915 ታተመ። መጽሐፉ በ15 ክፍሎች ተመድቦ ስለ ግብር፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ሰላዮች፣ ስለ ውልና ስለ ጦርነት ያስተምራል።

ማክስ ቬበር በ1919 የማኪያቬሊ «ልዑል» ከዚህ መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር ጉዳት የሌለው ነው ሲሉ ተናገሩ። ከዚያም ወዲህ የመንግሥታት ግንኙነት ከኃይል ፉክክር የተለየ አይደለም የሚሉ አንዳንድ መምህራን ካውቲልያን ከቀደሙት አባቶቻቸው እንደ አንዱ ቈጠሩት። ይሁን እንጂ ይህ ንባብ የመጽሐፉን እኩሌታ የዘነጋ ነው።

ለንባቡ መሠረት የሆነው «ማንዳላ»፣ ማለት የነገሥታት ክበብ የሚባለው ትምህርት ነው። ድል ፈላጊው ንጉሥ በመካከል ይቆማል፤ ኩታ ገጠም ጎረቤቱ ጠላቱ፣ ከጠላቱ ባሻገር ያለው ወዳጁ ይሆናል፤ እንዲህ እየተባለ 12 ነገሥታት ይቈጠራሉ። ነገር ግን የሚፈርደው የአገር አቀማመጥ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ በሰባተኛው ክፍል ጎረቤት በጠላትነት፣ በወዳጅነት ወይም በተገዥነት ሊገኝ እንደሚችል ይገልጣል።

በዚሁ ክፍል ስድስት የአሠራር መንገዶች ተዘርዝረዋል፤ እነርሱም ሰላም መዋዋል፣ መዋጋት፣ ባሉበት መቆየት፣ መዝመት፣ ከበረታው መጠጋትና ከአንዱ ታርቆ ሌላውን መውጋት ናቸው። የሰላምና የጦርነት ጥቅም እኩል በሆነ ጊዜ ግን ሰላም ይመረጣል፤ ጦርነት ሰውንና ገንዘብን ይጨርሳልና። በድህነት የተጨቈነ ሕዝብም ለጠላት እንደሚያድር ተጽፎአል። ስለዚህ የውጭው ኃይል ሥሩ በአገር ውስጥ ባለው አስተዳደር ላይ ነው።

የዘመኑም ጥያቄ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በአፈ ታሪክ ካውቲልያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የቻንድራጉፕታ ማውርያ አማካሪ ነበር ይባላል። መጽሐፉ ግን የማውርያን መንግሥት በስም አያነሣም። ትራውትማን በ1971 ያወጡት የቃላት ቈጠራ ደራሲው አንድ ሰው እንዳልሆነ አመለከተ፤ ኦሊቬልም በ2013 ባሳተሙት ትርጓሜ ድርሰቱን በክርስትና ዘመን መግቢያ አካባቢ አደረጉት።

ይህ ከተቀበሉት፣ የክበቡ ትምህርት ሁሉን የጠቀለለ ንጉሠ ነገሥት ደንብ አይደለም፤ በኃይል ተቀራራቢ በሆኑ ብዙ ጎረቤቶች መካከል የሚኖር መጠነኛ ንጉሥ ጥበብ ነው። መጽሐፉን የአውሮፓ አሳብ ምስክር አድርጎ የሚጠራ ተማሪ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፤ በገዛ ዘመኑና በገዛ ቃሉ የሚመረምረው ግን ስለ መንግሥታት ማሰብ ከአንድ ምንጭ ብቻ እንዳልፈለቀ ይረዳል።