ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት መዝገብ

ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት መዝገብ ማለት አልኮል ጠጥቶ ተሽከርካሪ የነዳ ሰው ጥፋት በስሙ ተጽፎ የሚቆይበት ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚይዘው የአሽከርካሪው ፋይል፣ ሌላው ደግሞ በፖሊስ ዘንድ ያለው የወንጀል ሪከርድ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ይሰማል።

ጉዳት ሳያደርስ በትራፊክ ፖሊስ የተያዘ አሽከርካሪ በደንብ ይቀጣል። ደንብ ቁጥር 208/2003 ከገንዘብ ቅጣቱ ጋር የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድና ማሰረዝ ይደርሳል። የሚለካው በሰውነት ውስጥ ያለው አልኮል ስለሆነ መጠጡ ቢራ፣ አረቄ ወይም ቦርዴ መሆኑ ለውጥ የለውም።

ሰው ከሞተ ጉዳዩ ወንጀል ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543(3) መሠረት ራሱን በአልኮል አስክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። ይህ ሪከርድ ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይጠፋም። በብሪታንያ ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት ከተፈረደበት ቀን አንሥቶ 11 ዓመት በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ ይቆያል፤ በኢትዮጵያ ግን የወንጀል ሪከርዱ እንዲሰረዝ ጥፋተኛው ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። ሕጉ ይህን «መሰየም» ይለዋል (ከአንቀጽ 232 ጀምሮ)። ለማመልከት ቅጣቱ ጽኑ እሥራት ከነበረ 5 ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች 2 ዓመት ማለፍ አለበት። ጊዜው የሚቆጠረው ቅጣቱ ካለቀበት ቀን ነው። ስለዚህ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈርዶበት ሙሉውን የጨረሰ ሾፌር፣ እሥራቱ ከጀመረ 10 ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አይችልም። እስከዚያው ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የሚጠይቅ ቀጣሪ ዘንድ መግባት ይቸግረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልካም ጠባይ ማሳየትና የተፈረደበትን ካሳ መክፈልም ይጠበቅበታል።

በጋሞ ዞን የካሳው ነገር ሌላ መልክ አለው። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ባለው ከፍታ ላይ የምትገኘው ኦቾሎ በሕዝብ ጉባኤዋ የታወቀች ናት፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስም ስለዚሁ ጉባኤ መጽሐፍ ጽፏል። ጋሞዎች ጉባኤ የሚቀመጡበትን አደባባይ ዱቡሻ ይሉታል፤ ሽማግሌዎችም እዚያ ጠብ ያበርዳሉ። ሆኖም ዕርቅ የወንጀል ሪከርድን አይሰርዝም። የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢልም ከመዝገቡ ላይ ስም የሚያነሣው ፍርድ ቤት ነው። የተሰየመ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ዳግም በጽኑ እሥራት ከተቀጣ ደግሞ መሰየሙ ይሻራል።