ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትና የሃይማኖት ክብር፦ የእስቴው ክስተት በሕግ ሲታይ

በ2011 ዓ.ም በደቡብ ጎንደር ዞን እስቴ ወረዳ፣ በአንድ የሙስሊም ቤተሰብ ሰርግ ላይ የእመቤታችን ቅድስት ማርያም ሥዕል ያለበት ወረቀት መሬት ላይ ተነጥፏል የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬውን ተከትሎም በአካባቢው መስጊዶች ተቃጠሉ።

ዓለም እንዲህ ያለውን ክርክር በሰፊው ያወቀው በዴንማርክ ነው። ዩላንድስ ፖስተን የተባለው ጋዜጣ መስከረም 20 ቀን 1998 ዓ.ም ነቢዩ ሙሐመድን የሚመለከቱ 12 ካርቱኖችን ካተመ በኋላ በበርካታ አገሮች ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ኤምባሲዎች ተቃጠሉ፤ ሰዎችም ሞቱ። ካርቱኖቹን መልሶ ባተመው የፈረንሳዩ ሻርሊ ኤብዶ ዝግጅት ክፍል ላይም ታኅሣሥ 29 ቀን 2007 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የገና በዓል ዕለት፣ በተፈጸመ ጥቃት 12 ሰዎች ተገደሉ።

ሁለቱ ጉዳዮች ቢመሳሰሉም ቁስሉ አንድ አይደለም። ለብዙ ሙስሊሞች የነቢዩን መልክ መሣል በራሱ ድፍረት ነው። ለኦርቶዶክሳዊ ምእመን ግን ሥዕሉ የተቀደሰ ነው፤ ድፍረቱ መርገጡ ላይ ነው። በዚህ ላይ ማርያም በእስልምናም የከበረች ናት፤ የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ የሚጠራው በስሟ ነው። በእስቴው ወሬ ይህን ያስታወሰ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለሁለቱም ወገን ቅሬታ በር አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 ደግሞ ለሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚያገለግልን ቦታ፣ ሥዕል ወይም ዕቃ በአደባባይ ያረከሰ ሰው በመቀጮ ወይም ከሁለት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ያዛል። በአደባባይ በሃይማኖት ላይ ማፌዝ በአንቀጽ 816 በደንብ መተላለፍ ይታያል። የዚህ አንቀጽ አነጋገር እጅግ ሰፊ ነው፤ የሌላውን ስሜት ክፉኛ የሚነካ ንግግር የቱ እንደሆነ ለመወሰን ዳኛው ብዙም መለኪያ አይሰጠውም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴም በ2003 ዓ.ም ባወጣው 34ኛው አጠቃላይ ማብራሪያ፣ ለሃይማኖት ክብር አልሰጠህም ብሎ መቅጣት፣ ንግግሩ ጥላቻንና ጥቃትን እስካላነሳሳ ድረስ፣ ኢትዮጵያ ከተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ጋር እንደማይጣጣም ገልጿል።

እስቴ ላይ ወረቀቱ በእርግጥ ተነጥፎ ቢሆን እንኳ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ነበሩ። ያነጠፈው ሰው ሥዕሉን አይቶት ነበር? አስቦበትስ ነው? በወንጀል ሕጉ መሠረት በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲያመለክት ብቻ ነው፤ አንቀጽ 492 ደግሞ ስለ ቸልተኝነት አያነሳም። እነዚህ የዳኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ እሳቱ ግን ቀደመ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬን ተከትሎ መስጊዶች በተመሳሳይ መንገድ ነደዱ።

በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥበቃውን ወደ ሰው አዙሯል። የሚከለክለው በሃይማኖቱ፣ በብሔሩ ወይም በመሰል ማንነቱ ምክንያት በሰው ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው፤ የኪነ ጥበብ ሥራን፣ ዜናን፣ ጥናትንና ሃይማኖታዊ አስተምህሮን ግን በልዩ ሁኔታ ይተዋል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ተናጋሪው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል።