የሙሽራ እቅፍ አበባ ምን ይናገራል?

የሠርግ ወቅት ሲደርስ፣ በጥርም ይሁን ከፋሲካ በኋላ፣ ሙሽሮች አበባ ሲያዙ «የዚህ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። መልሱም ሁሉም አፍ ላይ አለ። ቀይ ጽጌረዳ ፍቅር፣ ነጭ ንጽሕና፣ ቢጫ ደግሞ ቅናት ነው ይባላል። እኔ ግን «ትርጉሙን ማን ሰጠው?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

አብዛኛውን የሰጡት መጻሕፍት ናቸው። ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1819 በፓሪስ የታተመው «የአበቦች ቋንቋ» ከፍተኛ ተወዳጅነት በማግኘቱ በእንግሊዝና በአሜሪካም ተመሳሳይ መጻሕፍት ጎረፉ። ሠዓሊዋ ኬት ግሪናዌይ እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣችው ዛሬም ይጠቀሳል። ችግሩ መጻሕፍቱ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። ቢጫ ጽጌረዳ ለግሪናዌይ የፍቅር መቀዝቀዝና ቅናት ሲሆን፣ የዛሬ አበባ ነጋዴዎች ለወዳጅነት ይሸጡታል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ለምናበረክተው ለእኛማ ቢጫን ከቅናት ጋር ምን አገናኘው?

ከመጽሐፍ ይልቅ በልማድ የጸና ትርጉም ያላቸውም አሉ። የብርቱካን ዛፍ አበባና ፍሬ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ አበባው የንጽሕናም የመውለድም ምልክት ሆኗል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ በራሷ ላይ የደፋችው አክሊል ከዚሁ አበባ የተሠራ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አደስ ነው። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1845 ወደ ጀርመን ጎታ በሄደች ጊዜ የአልበርት አያት አደስ ያለበት እቅፍ አበባ ሰጧት። ዝንጣፊው ኦስቦርን በተባለው ቤተ መንግሥቷ ተተክሎ በቀለ። የመጀመሪያ ልጇ እ.ኤ.አ. በ1858 ስትዳር ከአደሱ ይዛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሙሽሮች በእቅፋቸው አደስ ማስገባትን ልማድ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተዳረችው ኬት ሚድልተንም ይዛለች። ይህ ተክል ሌላ ሳይሆን እናቶቻችን ቅጠሉን አድርቀውና ወቅጠው ለጸጉር ቅቤ ማሸተቻ የሚያደርጉት የገበያችን አደስ ነው። የጥንት ግሪኮች ለፍቅር አምላካቸው ለአፍሮዲት የሰጡት ተክልም እሱው ነው። በዕብራይስጥ ስሙ ሀዳስ ይባላል፤ የመጽሐፍ ቅዱሷ አስቴር ሌላው ስሟ ሀደሳ የመጣው ከዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ሙሽራ ከውጭ የሚመጣ ቅጠል ከምታስፈልግ አንድ ለምለም የአደስ ዝንጣፊ ብታስገባበት ምን ይጎድልባታል?

እቅፉ ከሠርጉ በኋላ የት ይሂድ የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ዘንድ አሁን አሁን ሙሽራዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሴቶቹ ስትወረውረው እናያለን። በለንደን ግን ኤልሳቤጥ ቦውስ ላየን እ.ኤ.አ. በ1923 የኋላውን ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛን ልታገባ ወደ ዌስትሚንስተር አቢ ስትገባ እቅፏን በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ አኖረችው። ወንድሟ ፈርገስ እ.ኤ.አ. በ1915 በሎስ ጦርነት ተገድሎ ነበር። ከእርሷ በኋላ ብዙ የቤተ መንግሥት ሙሽሮች ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ እቅፋቸውን ወደዚያው መቃብር ይልካሉ።

ለጥንቃቄ ሁለት ነገር ልጨምር። ግሬስ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 በሞናኮ ስትዳር የያዘችው ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የተባለው ነጭ አበባ የደስታ መመለስ ምልክት ቢባልም ተክሉ በሙሉ መርዛማ ነው፤ ሕፃናት ሚዜዎች እንዳያኝኩት ማየት ያስፈልጋል። ሠርጓ ፓሪስ ወይም ሮም የሆነ ወገናችን ደግሞ ክሪሳንተመም የሚባለውን አበባ ብትተወው ይሻላታል። እዚያ ሰው የሚገዛው በኖቬምበር መግቢያ ለመቃብር ነው።